ቢጫው ሰደርያ

የመጋዘኑ ሰዎች «እትዬ ቀስ» ይሏታል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ቀስ በይ ልጄ፣ ካርቶኑ የትም አይሄድብሽም» ስለምትል የወጣላት ስም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የጫማ ካርቶን በፕላስተር ስታሽግ ኖራለች። ሥራው በሰዓት ነው፤ ጠዋት አሻራ ሰጥቶ መግባት፣ ማታ አሻራ ሰጥቶ መውጣት፣ በመሃል ያለው ሰዓት የመጋዘኑ። መቀመጥ ክልክል ነው። ሽንት ቤት መሄድም በፈቃድ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚሰጡት ቢጫ ሰደርያ የለበሱት አለቆች ናቸው። ተራው ሠራተኛ የሚለብሰው ብርቱካናማ ነው።

አንድ ሰኞ የመደርደሪያው ብረት ሰደርያዋን ያዘና ከብብቷ እስከ ወገቧ ተረተረው። ንብረት ክፍል ስትሄድ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት አንድ ቢጫ ሰደርያ ወረወረላት።

«ይሄ የአለቆች አይደለም እንዴ?»

«ፈርሚ» አላት።

ፈረመች። ብርቱካናማው አልቆ ይሁን፣ ተሳስቶ ይሁን፣ ታዞ ይሁን፣ የነገራት የለም።

ገና ጠረጴዛዋ ጋ ሳትደርስ አንዲት ልጅ እግሯን አቆላልፋ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ሽንት ቤት ልሂድ?»

«እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን?»

«ኧረ ሂጂ! ለዚህ ደግሞ ፈቃድ!»

ወዲያው ፎርክሊፍት የሚባለውን የጭነት ማንሻ የሚነዳው ሰው መጣና «ይሄን የት ላራግፈው?» አላት። ከጠረጴዛቸው አጠገብ ወዳለው በር ጠቆመችው። ወትሮ ከሚራገፍበት ከወዲያኛው ጥግ መሸከሙ የስንቱን ወገብ እንደቀጨ ታውቃለች። ነጂው እዚያው አራገፈ። እሷ ግን እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጣ አየችው።

በምሳ ሰዓት ከስድስት ዓመት የምሳ ባልንጀራዋ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል፣ ሴትዮዋ የምሳ ዕቃዋን ከድና ተነሳች። «ሹመት ያዳብር!» አለቻት። ምርቃት ነው እንዳይባል ድምፁ የእርግማን ነበር።

«ማን ሾመኝ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የለበስሽው አንቺ!»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብራት የምታሽገውን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር አየቻት፤ እግሯ አብጦ በጫማዋ ጠርዝ ላይ ፈስሷል። ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ገልብጣ «ቁጭ ብለሽ አሽጊ» አለቻት።

«ይቆጡኛል።»

«ማን?» ብላ ግራ ቀኙን ቃኘች። ለካ የምትቆጣው እሷው ኖራለች።

ማታ ሊወጡ ሲሉ የመጋዘኑ ኃላፊ የነገ ሠራተኞች መመዝገቢያ ወረቀት ይዞ መጣና «ለነገ ስንት ሰው ይበቃሻል?» አላት። ወትሮ ለማሸጊያው በየቀኑ የሚጠሩት አሥራ አምስት ሆነው የሠላሳ ሰው ሥራ ይሠራሉ። «ሃያ ሁለት» የሚል ቃል ከአፏ አመለጣት። ጻፈው። በማግስቱ ሃያ ሁለት ሰው መጣ።

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ስትገባ ጡረተኛው ሹፌር ባሏ ነገሩን ሰምቶ ተገረመ። «ታዲያ አለቃ ሆነሻል ወይስ አልሆንሽም?»

«እኔ እንጃ።»

«ጠይቂያቸዋ!»

«ጠይቄ ‹አይደለሽም› ቢሉኝስ? ያቺ ልጅ እኮ ገና አሁን ቁጭ ማለቷ ነው።»

«‹ነሽ› ቢሉሽስ?»

ተነስታ መብራቱን አጠፋች። ሌሊቱንም ስትገላበጥ አደረች።

እንዲህ አሥራ አንድ ቀን ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን የንብረት ክፍሉ ሰውዬ አስጠራትና «ብርቱካናማው ገብቷል፤ ቢጫውን መልሺ» አላት። አወለቀች፣ ፈረመች፣ ለበሰች። ስትወጣ ኃላፊውን ኮሪደሩ ላይ አገኘችውና እንደምንም ደፈረች።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰሞኑን እኔ አለቃ ነበርኩ?»

ትክ ብሎ አያት። «አንቺ የየት ክፍል ነሽ?»

«ማሸጊያ።»

«ጎበዝ፣ በርቺ» ብሎ አለፈ። በምኑ እንደጎበዘች አልገባትም።

በዚያው ሳምንት የሚጠራው ሰው ወደ አሥራ አምስት ተመለሰ። አንድ ቢጫ ለባሽም በተራው ነፍሰ ጡሯ ጋ ቆሞ «ቁጭ በይ ያለሽ ማን ነው?» ብሎ አፈጠጠ። «አለቃ ናቸው!» አሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ባንድ አፍ። የትኛው አለቃ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራ መሰለኝ፣ ትቷት ሄደ። እስክትወልድ ድረስ ሳጥኗን የነካባት አልነበረም።

ቢጫውን በመለሰች በሦስተኛው ቀን ባልንጀራዋ የምሳ ዕቃዋን ይዛ መጣችና ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ያኔ በስህተት ነው የሰጡኝ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«ስህተት መሆኑን በምን አውቄ?»

«አሁንስ?»

እትዬ ቀስ ጉርሻዋን ዋጠች። «አሁንም አላወቅሁም» አለች። ባልንጀራዋም ሳቀችና ጠጋ አለች።