ሽፋኑን የሞላው ስም

ትኩስ ወረቀት ከማሽን ሲወጣ ይዞት የሚመጣ ሽታ አለ፤ የጋለ አቧራና የተለበለበ ላስቲክ የተቀላቀለበት። ደሴ ላይ፣ ሽፋን እየሠራሁ በምኖርበት በዚህ ማተሚያ ቤት፣ ቀኑን ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ነውና አብዛኛውን ጊዜ አይታወቀኝም። ቀይ የበዛበት ሥራ ሲወጣ ግን ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ። ትናንት ያ ጎረምሳ ዘፋኝ መጥቶ "ስሜን ከዳር እስከ ዳር ዘርጊልኝ" ሲለኝ ጥዬው መውጣቴን አይተሃል። ምን ነካሽ ብለህ ጠይቀኸኛል፤ እንግዲህ ስማ።

ያደግሁት ሰቆጣ ነው። አባቴ ከገበያው ራስጌ ፎቶ ቤት ነበረው። ከነጋዴ ዘመዶቹ መካከል ጨርቅና ስኳር ትቶ ካሜራ የያዘ እሱ ብቻ ስለነበር ይቀልዱበት ነበር። ሚሊኒየሙ አካባቢ ኮምፒዩተርና ባለቀለም ማተሚያ ገዛ፤ ገዝቶም ፈራው። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውለዋል እንጂ ቁልፉን አይነካም። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሽኑ የእኔ ሆነ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ፤ ለፊደል ቅርጽና ለቀለም የነበረኝ ፍቅር ለፊዚክስ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርሁ።

ያን ዘመን የክፍላችንን ወንዶች ሁሉ ሂፕሆፕ ይዟቸው ነበር። ዲሽ ያለው ሻይ ቤት ተኮልኩለው ያመሻሉ፤ ሱሪያቸውን ከወገባቸው አውርደው፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ አዙረው አስፋልት ላይ ይንጎራደዳሉ። ከመካከላቸው የእውነት የሚችለው ግን አንድ ነበር። ራፐሩ ልበልህ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ እጀ ፈጣን። ኽምጥኛና አማርኛ እያፈራረቀ ሲያወርደው ትንፋሽ አይወስድም፤ በአማርኛ አነጋገሩ የሳቀበትን ደግሞ በቡጢ አፉን ያስይዘዋል። ከንፈሩ ሳያብጥ የሰነበተበትን ሳምንት አላስታውስም። እናቱ የሆስፒታሉ አንሶላ አጣቢ ነበሩ፤ እጃቸው ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይላል። አባቱን አያውቅም። እናቱ "ተከዜ በረሃ ወርዶ በወባ ሞተ" ይሉታል፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ትምህርት ቤት እንኳ የተመዘገበው በእናቱ አባት ስም ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ሲጣላ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ" ያለውን ሰው ከሁሉ አብልጦ ይደበድብ ነበር።

መጽሔቱን ያሰበው እሱ ነው። "ጩኸት" አልነው። ውስጡ ግጥምና የዘፋኞች ወሬ፣ ተራ ኮፒ፤ ሽፋኑ ግን ባለቀለም። ሽፋኑን የምሠራው እኔ፣ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው እሱ።

ፎቶ ቤታችን ውስጥ ፏፏቴና ቤተ መንግሥት የተሣለበት መጋረጃ ነበር፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ እዚያ ፊት ቆሟል። ራፐሩ አየት አደረገና "እዚህ ፊትማ አልቆምም፣ ወንዝ ልታጠብ የወረድሁ ነው የምመስለው" አለ። ጓሮ ወጣን። የመጋዘናችን የቆርቆሮ ግድግዳ ዝጎ ቀልቷል፣ የከሰዓት ፀሐይ አግድም ትመታዋለች። የበሩን ሰንሰለት አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ በኋላ በኮምፒዩተር ብር አስመስዬለታለሁ። መጀመሪያ ላይ ደርቆ ቆመ።

"ይኼማ የቀበሌ መታወቂያ ነው" አልሁት።

ተናደደ። ዞሮ ቆርቆሮውን በቡጢ መታው፤ ደገመው፤ ግድግዳው አጓራ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ግጥሙን እየጮኸ ሲመታ፣ ሲመታ፣ የጣቶቹ አንጓ ተላጠና ደሙ ወደ ክንዱ ወረደ። አባቴ ከውስጥ ብቅ ብሎ "ልጄ፣ ይህ ልጅ ሊዘፍን ነው ወይስ ሰው ሊገድል?" አለኝ። ካሜራውን ከዓይኔ አላነሣሁም። በመጨረሻ ራፐሩ ቡጢውን ወደ ሌንሱ ወረወረው፤ ያችን አነሣሁ።

ማታውን ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግሁትና ደሙን ብቻ ቀይ ተውሁት። ዛሬ ማንም ይሠራዋል፤ ያን ጊዜ ግን በዓለም ላይ እኔ የፈጠርሁት መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፤ ከቡጢው ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ቀረ። የመድረክ ስሙ ሦስት ፊደል ነበር፤ የቱንም ያህል ባሳብጠው አይሞላም። "ሌላ ስም አምጣ፣ ረዘም ያለ" አልሁት።

በገበያ ቀን እየሮጠ መጣ። ከሰሃላ የመጡ አንድ ማር ሻጭ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመውት፣ ፊቱን አገላብጠው አይተው፣ "አንተ የእገሌ ልጅ ነህ፤ ግንባርህ ይናገራል" አሉት። "አባትህ ሲፎክር ገደሉ ይመልስለት ነበር" አሉት፤ የፉከራ ስሙንም ነገሩት። ራፐሩ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ በዱላ ሲመታ እንኳ አልቅሶ አያውቅም።

"አባቴ እኮ ራፐር ነበር" አለኝ።

ስሙን አልጠራልህም። የአባቱ የፉከራ ስም፣ ከዚያ የአባቱ ስም፣ ከኋላው "ልጅ"። ከዳር እስከ ዳር ገጠመ። በወፍራም ፊደል ከደሙ ሥር አስቀመጥሁትና ሽፋኑ ሞላ። ራፐሩ የመጀመሪያውን ቅጂ ከማሽኑ ላይ ትኩሱን አንሥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈውና ቤቱን ዞረበት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እናቱ የመጡት መጽሔቱ በወጣ ሰሞን ነው። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል። በእርጥብ እጃቸው በጥፊ አጮሉኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ።

"ይህን ስም ማን ነገራችሁ?"

ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን መጽሔት አንሥተው ይቀዳድዱት ጀመር፤ እጃቸው አልበቃ ሲላቸው በጥርሳቸው። ራፐሩ ደርሶ ሊያስጥል ሲል ደረቱን ደጋግመው መቱት። ሁለቱንም እጃቸውን ያዛቸው።

"አባቴን ሰርቀሽኝ ነበር" አላቸው።

"ስሙን ተው፣ ልጄ። ተው፣ ስሙ ይበላሃል።"

"ለምን? ንገሪኝ ለምን?"

ወረቀቱን ሰብስበው በሻሽ ቋጥረው ሄዱ፤ ምድጃ ጨመሩት። ኋላ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ የነገሩኝን አሁን ልንገርህ። አባትዬው ሰሃላ ላይ በወሰን ጠብ ሰው ገድሏል። ሸሽቶ በረሃ ወረደ፤ እዚያ የእውነት በወባ ሞተ። ሽማግሌ አልገባበትም፣ ደሙ አልደረቀም። ደሙን የሚከፍል የቀረው በእናቱ ጀርባ ያለ ሕፃን ነበር፤ እናቱም አዝለውት ሰቆጣ ገቡ፣ ስሙን ለወጡት። አሁን ሽፋኑን በሟች ወገን ዓይን እየው። ደም የነካ እጅ፣ ከሥሩ የገዳዩ የፉከራ ስም፣ ከዚያ "ልጅ"። በእኛ አገር እንዲህ የሚል ሰው የአባቱን ግዳይ እየቆጠረ ነው። እኛ የከተማ ልጆች ቀለም ነው ያየነው።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው። አዋቂ ሁሉ ያውቃል፣ ልጅ ብቻ አያውቅም። ለምን አልነገሩትም ብዬ እናቱን ጠይቄያቸው ነበር። "የአባቱን ግዳይ ያወቀ ልጅ ይፎክርበታል ብዬ ፈራሁ" አሉኝ። ሳያውቀውም ፎከረበት።

ሻይህ ቀዘቀዘ፣ ጠጣ እንጂ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናቱ ያቃጠሉት ቤት የቀረውን ነው፤ የሄደው ሄዷል። ሚኒባሶች አምደወርቅ ከተማ አድርሰውታል፤ ከዚያ ሰሃላ የተመደበ አንድ አስተማሪ ደግሞ ጥቂቱን በሻንጣው ይዞ በእግሩ ገብቷል።

የሠርግ ሰሞን ነበር፣ የገበያ ቀን። ራፐሩ እኔ ዘንድ ተቀምጦ የሁለተኛውን መጽሔት ግጥም ያነብልኛል። አንድ ባለገጠር ወጣት ገባ፤ በእኛ ዕድሜ፣ በላስቲክ ጫማ፣ ከጉልበቱ በታች አቧራ የለበሰ። ከጋቢው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፈታው። "ጩኸት" ነበር። ጠርዙ በንባብ ብዛት ለስልሷል።

"ይህ አንተ ነህ?" አለ።

ራፐሩ ሳቀ። ልጁ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን ግጥም በቃሉ ወጣው፤ ኽምጥኛውን ጭምር፣ አንድ ቃል ሳይስት። ራፐሩ ተነሥቶ አቀፈው። እኔ ደግሞ አንባቢ አገኘን ብዬ ወንበር አቀረብሁለት። ልጁ አልተቀመጠም። ጣቱን ሽፋኑ ላይ፣ ከስሙ ላይ አሳረፈ።

"ይህ የእውነት አባትህ ነው? ወይስ ለግጥም ነው?"

"የእውነት ነው። ሲፎክር ገደሉ ይመልስለት ነበር።"

ልጁ ጣቱን አላነሣም። "እኔ አባቴን አላውቀውም" አለ።

"እኔም አላውቀውም" አለ ራፐሩ፣ ትከሻውን ቸብ አድርጎ።

የልጁ ፊት አመድ ሆነ። በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወንድሜ፣ ገበያው እስኪበተን ከዚህ ቤት አትውጣ" አለና ወጣ። መጽሔቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ረስቶት ሄደ" አለ ራፐሩ። አንሥቶ ተከተለው። ማንም ቢሆን ይከተለው ነበር።

በእኛ አገር ጥይት ለሠርግም ለለቅሶም ይተኮሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲጮህ ከገበያው መካከል አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎችም ተቀበሏት። ራፐሩ ደጃፋችን ላይ፣ በእልልታው መካከል፣ በጉልበቱ ወደቀ፤ ከዚያ በጎኑ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎልማሳ ከጋቢው ሥር ክላሽ አውጥቶ ቆሟል፤ የልጁ አጎት፣ የተገደለው ሰው ወንድም። ልጁን የላከው ስሙን እንዲያረጋግጥለት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሁለተኛ ሊተኩስ አነጣጠረ። ያ ልጅ ተወርውሮ አፈሙዙን በሁለት እጁ ያዘ፤ "አጎቴ በቃ! በቃህ!" ይላል። ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። ያኔ እልልታው ቆመ፣ ገበያተኛው ዱላውን ይዞ ወረደባቸው። ዱላ ገዳዩንና አስጣዩን አልለየም። የልጁ አንድ ዓይን እዚያ ጠፋ፤ አጥንት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፖሊሶች ወደ ላይ እየተኮሱ አላቀቋቸው።

እኔ ደጃፉ ላይ ነበርሁ። ለጉርድ ፎቶ የምናለብሰውን ያን የሁሉ ሰው ኮት ከመስቀያው አውርጄ ራፐሩ ሆድ ላይ ጫንሁት። ደሙ ሞቃት ነው፤ በኮቱም በጣቶቼም መካከል አልፎ ይወጣል። "ምን አደረግሁት?" አለኝ። "ምን አደረግሁት ሰውየውን?" ሲጠይቀኝ ዓይኑ ውስጥ ንዴት እንኳ አልነበረም፤ እውነቱን ነው፣ አልገባውም። አባቴ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያለ የራፐሩን እግር አነሣ፣ ሚኒባስ ላይ ጫንነው።

እናቱ ሥራ ላይ ነበሩ። ከሆስፒታሉ ጓሮ የላስቲክ ሽርጣቸውን እንዳሰሩ፣ እስከ ክርናቸው አረፋ እንደያዙ መጡ። መጀመሪያ ያወቁት ጫማውን ነው። ወደ ውስጥ ሊያስገቡት ሲሉ ጭንቅላቱን ይዘው አብረው ገቡ፤ ጓሮ የተዉትን የቧንቧ ውኃ የዘጋ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

በማግስቱ ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ወደ መንገድ ተርፏል፤ የክፍላችን ልጆች ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኔና አባቴ ከዳር ቆመናል። በእኛ አገር ሟች ሲለቀስለት በዘሩ ይጠራል፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እየተባለ። አልቃሿ ሁለት ሦስት ስንኝ ካወረደች በኋላ የአባቱ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽፋኑ ላይ የወጣውን ሰው የመድረክ ስም መስሎታል፤ የሚያውቀው የእናቱን አባት ስም ብቻ ነው። ዝቅ ብላ እናቱን ጠየቀቻቸው።

"እህቴ፣ ልጅሽን የማን ልበለው?"

በበሩ ላይ የሚጠብቁት ፖሊሶች ሳይቀሩ ዞሩ። እናቱ ከመደቡ ተነሡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር ፊታቸው ላይ።

"የደበቅሁት ለእሱ ብዬ ነበር። ከእንግዲህ ለማን ልደብቀው?" አሉ።

ከዚያም ጠሩት። የአባቱን የፉከራ ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፤ ልጃቸው ሳይሰማው የሞተውን ዘር ሁሉ አንድ በአንድ፣ በኽምጥኛ ዜማ፣ ደረታቸውን እየመቱ። ድምፃቸው ሲሰነጠቅ አልቃሿ ተቀበለቻቸው፣ ሴቶቹም ተከተሉ። እኔም ከአባቴ ጎን ተለይቼ ከሴቶቹ መካከል ገባሁና እስኪደክመን ድረስ አብሬ ጠራሁት።