ሻይ ቀምሰው የማያውቁ በራዶች

ጎረቤቴ ዴዝሞንድ ሃላም ሠላሳ አንድ ዓመት የሎንግተንን አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ቀጭን፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ። በዚያ እጁ እንቁላል ሲያነሳ ያየ ሰው ይሳቀቃል። እሱ ግን ከእንቁላልም የባሰ ነገር ነው የሚያነሳው፦ ከከብት አጥንት አመድ የተሠራ፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት ከወዲያ ጣት የሚያሳይ፣ ያረጀ የሻይና የቡና በራድ።

ቤቱ ውስጥ መቶ አርባ ሁለት ነበሩት። ሳሎኑን ሞልተው ወደ ደረጃው ወጥተዋል። ገላ መታጠብ ከፈለጉ መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ፎጣ ላይ የተኙትን ስድስት ሰባት በራዶች ማስወጣት ግድ ነው። ከነዚያ ሁሉ አንዱም ሻይ ቀምሶ አያውቅም። ባልና ሚስቱ ሻይ የሚጠጡት አፉ በተሸረፈ ኩባያ ነው።

«መቶ አርባ ሁለት ላም አስሮ ወተት ከሱቅ የሚገዛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች ሚስቱ ግዌንዳ በአጥሩ ላይ። «እኔ አግብቼዋለሁ።»

የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ በሞላበት በኛ የእንግሊዝ ከተማ፣ ሰው ቤት ተጋብዘን ሳህን ሲቀርብልን ገልብጠን የሠሪውን ማኅተም ሳናይ አንበላም። እናቶቻችን ፋብሪካ ውስጥ አበባ ሲስሉ፣ ወርቅ ሲቀቡ ያረጁ ናቸውና ነውር አይደለም። ዴዝሞንድ ግን አበዛው።

ባለፈው መጋቢት ቤሪል የምትባል የሰፈራችን ሴት አረፈች። ከቀብር መልስ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሻይና ሳንድዊች ቀረበ። ሻዩን የምትቀዳው የሟች ታላቅ እህት ሂልዳ ነበረች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረች መምህር ስለሆነች ሽማግሌው ሁሉ እስከ ዛሬ «ሚስ» እያለ ነው የሚጠራት። በእጇ የያዘችው የቤሪልን በራድ ነው፤ ሰማያዊ፣ ከንፈሩ በወርቅ የተከፈፈ። እንዲህ ያለውን ከዚያ በፊት ማንም አላየም።

ዴዝሞንድ ማኘኩን አቆመ።

«ዴዝ፣ ተው» አለች ግዌንዳ።

«ምን አደረግሁ?»

«ዓይንህን አየሁት።»

ሂልዳ በራዱን አስቀምጣ ወተት ልታመጣ ዞር ስትል፣ ዴዝሞንድ ብድግ አድርጎ ከጭንቅላቱ በላይ ከፍ አደረገውና ሥሩን ለማየት ትንሽ ዘንበል አደረገው። በራዱ ሙሉ ነበር። ክዳኑ ተንሸራቶ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተከሰከሰ፤ ሻዩ አጠገቡ በተቀመጡት ፓስተር ጭን ላይ ወረደ። ፓስተሩ እንደ ፌንጣ ዘለሉና መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌለ ቃል ተናገሩ።

ሂልዳ ስብርባሪውን አየች።

«ዴዝሞንድ ሃላም፣ ቁም!»

ቆሞ ነበር፤ ይበልጥ ቆመ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ስድሳ ስምንት፣ ሚስ።»

«ለመሆኑ ማኅተሙን አየኸው?»

«አላየሁትም፣ ሚስ። እንፋሎቱ መነፅሬን ጋረደኝ።»

«እንግዲህ ዛሬ እኔ እህቴን ቀበርኩ፣ አንተ ክዳኗን ቀበርክ። ቅዳሜ እቤትህ እመጣለሁ። ካሉህ አንዱን መርጬ እወስዳለሁ።»

ዴዝሞንድ እስከ ቅዳሜ እህል አልበላም ማለት ይቻላል። የፈራው ለመቶ አርባ አንዱ አይደለም፤ ለአንዱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈልጎ ያገኘው፣ ሮዝ አበባ የተሳለበት ረጅም የቡና በራድ አለው። ሥሩ ላይ፣ ከፋብሪካው ቁጥር አጠገብ፣ ምስር የምታክል አረንጓዴ ነጠብጣብ አለች። የእናቱ ምልክት ናት፤ አበባውን የሳለችው እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ሂልዳ የድንች ፓይ ይዛ መጣች። እኔም ግዌንዳ «ብቻዬን አልችለውም» ብላ ጠርታኝ ነበር። ሂልዳ በምርኩዟ እየጠቆመች በራዶቹን ዞረቻቸውና ቁጭ አለች።

«ውሃ አፍሉ።»

«ለምን፣ ሚስ?»

«የማይቀዳ በራድ አልወስድም። እንፈትናቸዋለን።»

ዴዝሞንድ እንደ ኖራ ነጣ። ግዌንዳ ግን በዚያ ቤት እንዲህ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም። አንደኛው በራድ ከአፍንጫው ይልቅ በክዳኑ በኩል ቀዳ። ሁለተኛው እጀታው ጣት ያቃጥላል። ሦስተኛው፣ ዴዝሞንድ «ንግሥቲቱ» የሚለው፣ አገጩ ላይ እያዝረከረከ ጠረጴዛውን አጠበው።

«ቆንጆ ናት» አለች ሂልዳ፣ «ግን እንደ ሕፃን የለሃጭ ጨርቅ ያስፈልጋታል።»

በዚህ መሀል ግዌንዳ ፓዩን ልታሞቅ ወደ ኦቨኑ ሄደች።

«እንዳትለኩሺው!» ብሎ ዴዝሞንድ ከወንበሩ ተወረወረ።

ግዌንዳ ኦቨኑን ከፈተችው። የቡናው በራድ በሁለት ትራስ መሀል ተጋድሞ ነበር።

«አምጪው» አለች ሂልዳ። ገልብጣ ነጠብጣቧን አየች፤ በራዱ አሁን ባዶ ነበርና ማንም አልተቃጠለም። «ይቺ የማን ናት?»

«የእናቴ፣ ሚስ።» ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ቀጠነ። «ሌላ የፈለጉትን ይውሰዱ። ሁሉንም ይውሰዱ።»

ሂልዳ በቀስታ «እናትህ ይሄን የሳለችው ሰው እንዲቀዳበት ነው ወይስ ኦቨን ውስጥ እንዲተኛ? በል፣ ቡና አፍላ» አለችው።

ራሱ አፈላ። በዚያ ሰፊ እጁ አንስቶ ሲቀዳ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ቡናው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ሲያቆም አንድ ጠብታ እንኳ አላንጠባጠበም። ዴዝሞንድ መሀረብ አውጥቶ ጉንፋን የያዘው ሰው መሰለ።

«ጎበዝ ሴት ነበረች» አለች ሂልዳ፤ በራዱን መለሰችለትና ከደረጃው ሥር አንድ ወፍራም ነጭ የሻይ በራድ መረጠች። ዴዝሞንድ ራሱ ለምን እንደገዛው የረሳው ነው። ሲፈተን ግን ከሁሉም አሳምሮ ቀዳ። በሻርፕ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ግዌንዳና እኔ ከዚያ ከሮዙ በራድ ቡና እንጠጣለን። ማጠብ የተፈቀደለት ዴዝሞንድ ብቻ ነው፤ ማፍላትም እንዲሁ። ቡና ማፍላት ግን አይችልበትም፤ ሬት ነው የሚያጠጣን። «እንዴት ነው?» ሲለን፣ ግዌንዳና እኔ ተያይተን፣ «በራዱ በጣም አሪፍ አድርጎ ነው የሚቀዳው» እንለዋለን።