የደከመ ያርፋል

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ሰብለ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ኮምፒዩተሯን ከፊቴ ከፈተችና «አባባ፣ እስቲ ይችን ነጥብ በዓይንዎ ይከተሏት» አለችኝ። መስታወቱ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ከላይ ትንሽ ካሜራ ተለጥፋለች። የመመረቂያ ጥናቷ ነው። የረጅም መንገድ ሹፌሮችን ዓይን እየተከታተለች የአእምሯቸውን ድካም ትለካለች። «ሰው አልደከመኝም ቢልም ዓይኑ ይናገራል» አለችኝ፣ አዲስ ነገር የነገረችኝ መስሏት።

ነጥቧን ጥቂት ተከተልኋትና ዓይኔን ጨፈንሁ። ልጅቷ ብርሃኑ የወጋኝ መሰላት። እኔ ግን ነጭ ጓንት ያጠለቀ ጣት ነበር የታየኝ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወጣው የመንገድ ሥራ ላይ ታላቅ ወንድሜ አያሌውና እኔ አብረን ነበርን። ወደን አልሄድንም፤ ከየአጥቢያው በግድ ነው የለቀሙን። እኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ድንጋይ እሸከማለሁ። አያሌው ቋጥኝ ውስጥ ድማሚት ቀብረው ክሩን ከሚለኩሱት አንዱ ነበር። የጉናን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን ኑሮ ብነግረው አይገባውም፤ ጠዋት የመዶሻው ብረት እጅ ይልጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲለቁን እኔ ጭድ ላይ እዘረራለሁ፣ እሱ ቁልቁል ወርዶ የእናታችንን ገብስ ሲያጭድ ያመሽና እሑድ ይመለሳል፤ የቀረ ሰው ቤቱ ይቃጠላል።

ጉልበቱስ ደኅና ነበር፤ የደከመው ሐሳቡ ነው። ክሩን ለኩሶ መሮጥ፣ ተጋድሞ የፍንዳታውን ድምፅ መቁጠር፣ የተቀበረው ሁሉ መፈንዳቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ እንደገና መቅበር። አንድ ቀን በሶ ሊበጠብጥ ቁጭ አለና ውሃ ሳይጨምር ደረቁን ዱቄት ሲያማስል አየሁት። ሌላ ቀን በሟቹ አባታችን ስም ጠራኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

ሳይፈነዳ የቀረ ድማሚት አንድ ነጭ ካቦ፣ የሠራተኛ አለቃ፣ ሲገድል ሐኪም መጣ። ለእኛ አዝነው አይምሰላችሁ፤ የእኛ ሰው ሲያልቅ ሐኪም የሚባል ዝር አላለም። ሰኞ ጠዋት አሰለፈንና በአስተርጓሚው አስጠየቀን፤ «ደክሞሃል?» ሁሉም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሌላ ምን ሊል ኖሯል? እናቱን ቀብሮ የተመለሰ ሰው እንኳ ደኅና ነህ ወይ ሲሉት የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ አፋችን እንደማያዋጣው ሲገባው ጣቱን አቆመና ዓይናችንን ያስከትል ጀመር። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫ። ዓይኑ ከጣቱ ወደኋላ የቀረ ሰው ከሰልፉ ተነጥሎ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። እኔና አያሌው ጋ ሳይደርስ መኪናው ሞላ፤ የቀረነው ለሚቀጥለው ሰኞ ተባልን።

«ወዴት ነው?» ብለን አስተርጓሚውን ጠየቅነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ፣ አማርኛው ጎርበጥ የሚል ሰው ነበር። ፈገግ ብሎ «ዓይኑ የደከመ ይሄዳል፤ ያርፋል» አለን።

አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አማተቡ። «ሰማችሁ ልጆቼ? ሊያሳርፉን ነው» አሉ። እኛ አገር እገሌ አረፈ ከተባለ ለቅሶ ነው የሚኬድ። ከይፋግ ገበያ በዚያ ዓይነት መኪና ተጭነው የሄዱ ሰዎች ደብዛቸው ጠፍቶ ነበር። ታዲያ ሊገድሉን መሆኑን በምን እንጠራጠር?

አያሌው ግን መላ አገኘ። ልጅ ሆኖ ዳዊት ደግሟል። «የኔታ አፋችንን ትተው ዓይናችንን ነበር የሚያዩ» አለኝ። «እኔ በቃሌ እየወረድሁ ዓይኔን በመስመሩ ላይ እነዳና ልቤ ይተኛል። የኔታን ያታለልሁ ሰው ይህ ፈረንጅ ያቅተኛል?» ሳምንቱን በእኔ ጣት ሲለማመድ ሰነበተ። «ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ አፍንጫ። አንተም ያዘው» አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ አያሌው ፊተኛ ቀረበ። ዓይኑ ከጣቱ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ሐኪሙ «ብራቮ!» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። የእኔ ዓይን ላይ ላይ እንዳየ ቀረ፤ ጎትተው ወደ መኪናው ወሰዱኝ። አያሌው ሮጦ ደረሰብኝና ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። «እናታችንን ምን ብዬ ልንገራት?» እያለ አለቀሰ።

የወሰዱን ደብረ ታቦር፣ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። የባቄላ ሾርባና ደረቅ ብስኩት ሰጡን፤ ጭድ የተሞላ ጆንያ ላይ አስተኙን። ሊገድሉን እስኪመጡ ስንጠብቅ እንቅልፍ ወሰደን። ስንነቃም ሾርባ፣ ከዚያም እንቅልፍ። ከእኛ በፊት የመጡት እዚያው ጋፋት አካባቢ ቀለል ያለ ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ለካስ ያርፋል ማለት ያርፋል ማለት ኖሯል። ለአያሌው እንዴት አድርጌ እንደምልክበት ሳሰላስል ሳምንቱ አለቀ።

ሰኞ መኪናው ቸኮል የሚባል የሥራ ጓደኛችንን ይዞ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ወረደ። «አያሌው ፍንዳታውን ሲቆጥር አንዱን ሁለቴ ቆጠረው» አለኝ። «አልቋል ብሎ ወደ ቋጥኙ ሄደ። ጮኸንበት፤ አልሰማም። የምንገንዝበት ጋቢ እንኳ አጣን፤ የእሱ አንተ ላይ ነው።»

ሰብለ ዓይኔን እስክገልጥ ጠበቀችኝ። «ዓይኑ ደክሟል ያላችሁት ሹፌር ምን ይሆናል?» አልኋት።

«ለጊዜው ከመሪው ይነሳል።»

«ታዲያ ይህን ሲሰማ ነጥቧን በቃሉ አይይዛትም?»

«አይችልም አባባ፤ መንገዷን በየጊዜው ትለዋውጣለች» አለች፣ ኮራ ብላ።

ንዴቴ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ያ ሐኪም ጣቱን አንድ ጊዜ እንኳ በቀኝ ቢጀምር፣ ያ አስተርጓሚ «ተኝቶ ይመለሳል» ቢል፣ ወንድሜ ከእኔ ጋር ሾርባ ይጠጣ ነበር።

ሰብለ ኮምፒዩተሯን ከደነችና ፊቴን አየት አድርጋ «ደክሞዎታል አባባ፤ ይግቡና ትንሽ ይረፉ» አለችኝ።

ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ሳብሁት። «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኋት።