የቀኝ ዓይን ልምምድ

ከወላጅ ጋር ጌም ስለመጫወት ሲጻፍ አንባቢ ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። አባት ይሸነፋል፣ ልጅ ይስቃል፣ ከዓመታት በኋላ አባትየው ሆን ብሎ እንደተሸነፈለት ይገባዋል፣ ከዚያ ሁሉም ያለቅሳል። የእኔ አባት ሆን ብሎ ተሸንፎልኝ አያውቅም። እኔም ተጫውቼ ነበር ለማለት ይከብደኛል። እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ፤ ያ ነው። የጌሙን ካሴት አውጥቶ እፍ ስለማለት ደግሞ እኩዮቼ በበቂ ጽፈዋል። አቧራውን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።

አባቴ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ቤታችን አዋሽ ሰባት፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ስለነበር ጅቡቲ ሲወርድም ጭኖ ሲመለስም እኛ ጋ ያድራል። ጌሙን ያመጣው ከጅቡቲ ነው። «ለልጁ ነው» አለ። እናቴ «ልጁ መቼ ጠየቀህ?» አለችው። አብሮት የመጣው ካሴት አንድ ሲሆን፣ ውስጡ ያለውም የመኪና ውድድር ብቻ ነው። መንገዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪኖች ከግራም ከቀኝም ብቅ ይላሉ፣ የነካ ይጋጫል። አባቴ ኩርባ ላይ ፍጥነት ይቀንስ ነበር። ሰዓት ያልቅበትና ጌሙ ያባርረዋል። «ይሄን የሠራው ሰው ጭኖ ወርዶ አያውቅም» ይላል፤ ግን አይተወውም።

ከዚያ የጅቡቲ ድንበር ገላፊ ላይ የጭነቱን ሸራ ሲወጥር ገመዱ ከነብረቱ ተስፈንጥሮ ቀኝ ዓይኑን መታው። ሐኪሙ ጠብታ ሰጠውና ቤት እንዲቀመጥ አዘዘው፤ ዓይኑ ካልተመለሰ ተሳቢ መንዳት እንደማይታሰብም ነገረው። የመኪናው ባለቤት ለጊዜው ሌላ ሾፌር ተካበት። «ሲሻልህ ራስህ ንገረኝ፤ እኔ ቃልህን አምናለሁ» አለው። የመተማመን ንግግር ይመስላል። እኔ እንደማየው ግን ሸክሙን ከራሱ አውርዶ በአንድ ዓይን የቀረ ሰው ላይ መጫን ነው። ያም ሆነ ይህ፣ አባቴ መሪ ይዞ መኖር አለመኖሩ በዚያ ዓይን ላይ ተንጠለጠለ። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረም፣ ማወቅም አልፈለገም።

ጌሙ ሁነኛ ሥራ ያገኘው ያኔ ነው። ጠዋት ጠብታውን ያደርግና ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ደህናውን ግራ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ በአንድ እጁ ይይዘዋል፤ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ ይነዳል። በተጎዳው ዓይን ብቻ መንዳት ከቻለ ድኗል ማለት ነው። እኔን በቀኙ ያስቀምጠኛል።

እዚህ ላይ የተሳቢ ሥራ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር መረዳት አለበት። የመኪናውን ቀኝ ጎን ለሾፌሩ የሚያይለት ረዳቱ ነው። ረዳቱ «ሂድ» ካለ ይኬዳል። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ ካጣራ ረዳቱ ይቀየማል፤ ምሳ ላይ ያኮርፋል። ስለዚህ አባቴ ከጎኑ ሰው እያለ በዝምታ መንዳት አይችልም ነበር።

«ምነው ዝም አልክ? ረዳት ተኝቶ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«ቀይ መኪና ከቀኝ።»

«አየሁት።»

«ሰማያዊ ከግራ።»

«አየሁት አልኩህ እኮ።»

መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ይጋጭ ነበር። ሲሰነብት መጋጨቱ ቀነሰ። ኋላ ላይ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሳይጋጭ መሄድ ጀመረ። «ጭጋጉ እየተገፈፈ ነው» ይላል። እኔ መኪኖቹ የሚመጡበትን ቅደም ተከተል በቃሌ ይዤው ስለነበር ገና ብቅ ሳይሉ እጠራቸዋለሁ። እሱ ይሄ ከዓይኑ ጋር እንደሚገናኝ አልታየውም። እኔም አልታየኝም። የሃያ ዓመት ልማድ ሆኖበት የረዳት ድምፅ ሲሰማ እጁ ራሱ ይታዘዛል። ሰው በጆሮው እየነዳ የሚያይ መስሎት ሊኖር እንደሚችል ያወቅሁት ከእሱ ነው። ኋላ ላይ ብዙ የተማሩ ሰዎች እንዲሁ ሲኖሩ አይቻለሁ።

አንድ ከሰዓት እናቴ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። አባቴ ዞሮ ሳያያት «ነገ ባለቤቱ ጋ እሄዳለሁ። ዓይኔ ተመልሷል» አላት።

«እስቲ ልየው።»

ነዳ። እኔ ጠራሁ። አንድም ሳይነካ አለፈ። እናቴ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ አየችውና ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ብላ። እስክትጨርስ እንዳትናገር።»

«ልጁን ምን አደረግሽው?» አለ አባቴ እየሳቀ።

«ራበው።»

ዳቦውን ጎረስኩ። ቀዩ መኪና ከቀኝ መጣ፤ ተጋጨ። እንደገና ጀመረ። ሰማያዊው መጣ፤ ተጋጨ።

«ጆይስቲኩን ሙቀት መትቶታል።»

«እሺ፣ ድገመው።»

ደገመው። ቀዩ ላይ ሄዶ ተላተመ። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፤ ሽርጡን ግን ከግራ ዓይኑ አላነሳም።

«ሾፌር ያለ ረዳት ሲሄድ የት አየሽ?»

«የትም አላየሁም። ረዳትህ ሽንት ቤት ሲሄድስ?»

«እቆማለኋ።»

«በመንገድ ላይ ሲያንቀላፋስ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረና «አንተ፣» አለኝ፣ «ሳትጠራልኝ ያለፍኩት መኪና አለ?»

ዳቦው ደረቅ ነበር፤ ለመዋጥ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቱም ጠበቁኝ።

«የለም» አልኩት።

የሆነ ነገር ተሰምቶኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። የጠየቀኝን መለስኩ፣ የቀረውን ዳቦ በላሁ። እሱ ሽርጡን አነሳና በሁለቱም ዓይኖቹ ቴሌቪዥኑን ትንሽ አየው፤ ከዚያ ተነስቶ ሊታጠብ ወጣ።

አደጋ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ፤ አደጋ አልደረሰም። በማግስቱ ባለቤቱ ጋ ሄዶ «አልተመለሰም» አለው። ይህን ጀግንነት ብለው የሚያወሩልኝ ዘመዶች አሉ። እኔ አልስማማም። በዚያ መንገድ ላይ ከእሱ ያነሰ እያዩ የሚነዱ ነበሩ፤ እሱም መንዳት ይችል ነበር። ቢዋሽ ግን እናቴ ታውቃለች፤ እያወቀች ደግሞ ሻንጣውን አታዘጋጅለትም። ነገሩ ከዚህ አያልፍም።

ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰመራ ላይ ጋራዥ ስለነበረው የመለዋወጫ መጋዘኑን ሥራ ሰጠው። ሰመራ ያኔ ገና ሜዳ ላይ ይሠራ የነበረ ከተማ ነው፤ ከቤቱ ነፋሱ ይበዛል። እናቴ ሥራዋን መልቀቅ አልቻለችም፣ እኔም ትምህርቴን፤ ስለዚህ ብቻውን ሄደ። ሾፌር ሳለ አባቱ አገር ለአገር የሚዞር ልጅ ይሉኝ ነበር፤ ግን በየሳምንቱ አየው ነበር። አባቴ የጠፋው አንድ ቦታ ሲቀመጥ ነው።

ትምህርት ሲዘጋ በአውቶቡስ እሄድለት ነበር። መንገድ ላይ ያለችውን አዳይቱን ስናልፍ ላቡ ጀርባዬ ላይ ይደርቃል። መጋዘኑ ውስጥ ፊልትሮና ቺንጊያ በየመደርደሪያው ተደርድሯል፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «ትምህርት እንዴት ነው?» ይለኛል። «ደህና» እለዋለሁ። «እናትህስ?» «ደህና ናት።» ከዚያ ወዲያ የምንነጋገረው አልነበረንም። ለካ እኔና እሱ በሕይወታችን የተነጋገርነው ስለ ቀይና ሰማያዊ መኪና ብቻ ነበር።

አሁንም እዚያው ሰመራ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም አዋሽ አልተመለሰም፤ «ለመድኩት» ይላል። ለበዓል ስሄድ በሩን ከፍቶ ይስመኛል፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ይጠይቀኛል፣ ደህና እንደነበር እነግረዋለሁ። ሻይ እስኪፈላ ሁለታችንም ግድግዳውን እናያለን። አንዳንዴ ያን ቀን ሲጠይቀኝ «አዎ፣ አለ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሻዩ ይመጣል፤ ስኳር ስንት እንደምወስድ ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ።