በረንዳው ሳይጠረግ

አያቴ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤታችን እሳቸው ሳያዩ በረንዳ አይጠረግም ነበር። በየማለዳው አምፖሉ ሥር ግድግዳው ላይ ያደሩትን የእሳት እራቶች፣ ዶሮዎቹ ሳይለቅሟቸው፣ አንድ በአንድ እያዩ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እኔ መጥረጊያ ይዤ እቆማለሁ።

"አባባ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ እኮ።"

"ቆዪ ልጄ፣ እንግዶቹ ይነሡ።"

አባባ ካረፉ ወዲህ ደብተሩን ከፈትኩት። መልካቸውን፣ መጠናቸውን ጽፈው ይሆናል ብዬ ነበር። "ያቺ ማንጎው ሥር ያየናት ዛሬም መጣች" ይላል። ቀጣዩ ገጽ፣ "ያቺ ባለፈው ያየናት ቀረች።" የትኛዋ? ሲያስጠኑኝ መልስ አላሟላሽም እያሉ ማርክ የሚቀንሱብኝ ሰው እንዲህ ይጽፋሉ? አሁን ማንን ልጠይቅ?

ዛሬ ጠዋት ክንፏ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ ያላት አንዲት አመድማ የእሳት እራት ግድግዳው ላይ አገኘሁ። ደብተሩን ይዤ ቆምኩ። ያቺ ትሁን ሌላ፣ አላወቅኩም። እናቴ ከውስጥ "ዛሬም አልጠረግሽም?" ትላለች።

ደብተሩን እንደገና አገላበጥኩ። ሁሉም ገጽ ላይ "ያየናት" ነው የሚሉት። አጠገባቸው የምቆመው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ የማየው ሰዓቴን ነበር።