በአመድ የተጠቀለለ ብረት

ያረጋል ሰውን የሚመዝነው በመኪናው ኋላ ነበር። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ሲያጋጥመው ሰላምታውን በግማሽ አፍ ይመልስና ቀጥ ብሎ ወደ ጀርባ ይዞራል፤ ጎንበስ ይላል፤ ቀና ሲል ስለ ባለመኪናው ማወቅ የሚፈልገውን ሁሉ ዐውቋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ነገር አያስከብርም። ሚስቱ እህተ ማርያም "አንተ ሰውዬ፣ ሰው አህያ ነው እንዴ ከኋላው የምትመረምረው?" ትለዋለች።

ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚያስወጣው መንገድ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር ብረት ይበይዳል። አባቱ ማረሻ ይሠሩ ነበር። አገሬው በእሳቸው ማረሻ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ጎተራውን ከሞላ በኋላ ሠሪውን "ቡዳ ነው" እያለ ልጆቹን ይሸፍንባቸው ነበር። ያረጋል የኤሌክትሪክ መበየጃ ሲገዛ ስሙ ተሻሻለ፤ በፊቱ "በያጅ" ይሉት ጀመር። ከጀርባው ያው ቀጥቃጭ ነው።

እሱም ለዚህ አገር የሚገባውን መልስ አግኝቶለታል፤ ለማንም ምንም አያስረዳም። "ለምን እንዲህ አደረግኸው?" ሲባል "ብረቱን ጠይቀው" ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል አላወጣም። ሀብቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ "የያረጋል ብየዳ አይለቅም" የምትል። እንጀራው የሚመጣውም በእሷ ነው።

አንድ ቀን እንዳለው የሚባል የበቆሎና የበርበሬ ነጋዴ ላንድክሩዘሩን ይዞ መጣ። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ እንዳለው ግን የኋላ ግጭት መከላከያዋን፣ ፓራውልቷን፣ አስጥሎ የበሬ ጫንቃ የሚያህል ሌላ አስገጥሞባታል። በዚያ ላይ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ክሪክ፣ እንዲሁም ወዴት እንደሚያወጣ የማይታወቅ መሰላል ተሰቅሏል። እንዳለው በረሃ አቋርጦ አያውቅም። ያቋረጠው ትልቁ ነገር የማንኩሳ ገበያ ነው።

"ያረጋል፣ ከኋላ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። አንድ ሁለት ነጥብ ጣል አድርግባት" አለ ከመሪው ሳይወርድ።

ያረጋል ከሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። "ማነው ይህን የገጠመው?"

"አዲስ አበባ ነው የተገጠመ! ትልቅ ጋራዥ!"

"ትልቅነቱስ ይታያል። በሬ በስፌት ክር ነው ያሰሩት።"

እውነቱን ነው። ከዚያ ሁሉ ቀለም ጀርባ ክብደቱን የተሸከሙት ሁለት ስስ ላሜራና አራት ቡሎን ብቻ ነበሩ። የሻንሲው ጫፍ ላይ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ተለጥጦ እንቁላል መስሏል፤ ከአንደኛው ቀዳዳም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጀምሯል።

"ከተማው ሁሉ አይቶ ያደነቀው እኮ ነው" አለ እንዳለው።

"ከተማው ያየው ቀለሙን ነው።"

እንዳለው መኪናው ቀጥቃጭ ደጃፍ ውላ ስትታይ አልወደደም። ስለዚህ ያረጋል መበየጃውን በባጃጅ ጭኖ ወደ እንዳለው ግቢ ሄደ። የባትሪውን ገመድ ፈታ፤ ፓራውልቱን አወረደ። ስንጥቁ ከዚያ ወዲያ እንዳይሄድ ጫፉ ላይ ቀዳዳ በሳና በብየዳ ደፈነው። ቡሎን ሲጠብቅ ሻንሲው እንዳይጨፈለቅ ውስጡ ቧንቧ አስገባ። ከዚያም ግራና ቀኙን የሚደግፍ ወፍራም ብረት ፈለገ፤ በከተማው አጣ። ከአንድ የወደቀ ጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን ጎማው ላይ የሚሸከመውን ብረት፣ ቆርጦ አመጣ።

ባሌስትራ ኩሩ ብረት ነው። ግሎ ሲበየድ እሺ ይላል፤ ቀስ ብሎ ካልበረደ ግን ቂም ይይዛል። ያረጋል ይህን ከአባቱ ያውቃል። ስለዚህ ብየዳውን ሲጨርስ በላሜራ ቁራጭ ዙሪያውን ከልሎ ደረቅ አመድ ሞላበት፤ ከላይ በጆንያ ጠቀለለና በሽቦ አሰረው።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ እንዳለው።

"አመድ።"

"አመድነቱንማ አየሁ። ለምን?"

"እስከ ነገ ጠዋት ማንም እንዳይነካው።"

"ቀስ ብሎ እንዲበርድ" ማለት ሦስት ቃል ነው። ያረጋል እነዚያን ሦስት ቃላት ለእንዳለው ነፈገው። መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ፣ በረንዳው ላይ ጥጥ ሲፈትሉ የዋሉትን የእንዳለውን እናት፣ እትዬ አምለሰትን፣ "ደኅና ዋሉ" አላቸው። ጠዋትም አልመለሱለትም፤ አሁንም አልመለሱለትም።

እትዬ አምለሰት ሲያዩ የዋሉት ይህን ነው፤ ቀጥቃጭ እሳት አነደደ፣ አመድ ነሰነሰ፣ በጨርቅ ጠቀለለ፣ በሽቦ አሰረ፣ "እስከ ነገ እንዳትነኩ" ብሎ ሄደ። ከዚህ በኋላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ለልጃቸው መኪና ክታብ አሰረባት! በረንዳው ጥግ በቢጫ ጀሪካን ያስቀመጡትን ጠበል አነሡ። ጆንያውን ፈቱ፣ አመዱን አራገፉ፣ ገና በሚፋጀው ብረት ላይ እስከ ጠብታው አፈሰሱት። ብረቱ ጮኸ።

"ጮኸ! በመድኃኔ ዓለም፣ ጮኸ!" አሉ ለጎረቤት። "ይዞት የነበረው ነገር ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት!"

በማግሥቱ ጠዋት ያረጋል ብየዳውን በመዶሻ አንኳኩቶ ድምፁን ሊሰማ ሲመጣ ግቢው ባዶ ነው። እንዳለው ፓራውልቱን ራሱ አስሮ፣ ጎማና ጀሪካኑን ሰቅሎ፣ ማንኩሳ ገበያ ሊታይ ሄዷል።

ታየም። ገበያው መግቢያ ላይ ያለችውን ቦይ ሲሻገር ኋላው ቀጭ አለና ፓራውልቱ ከነሙሉ ማዕረጉ መሬት ወደቀ። አንደኛው ጎማ ተንከባሎ ሸራ ላይ በተሰጣ በርበሬ መሐል አለፈ። ማንኩሳ በአንድ አፍንጫ አነጠሰ። እንዳለው ከመኪናው ወርዶ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ማስነጠስ ነበር።

ሰው አልተጎዳም፤ የያረጋል ስም ግን ተጎዳ። ከቀትር በኋላ "የያረጋል ብየዳ ለቀቀ" የሚለው ወሬ ፍኖተ ሰላም ገባ። እሱን ተከትሎ ሌላ መጣ፤ "ዐይኑ ነው።" ለብየዳ በር ትቶ የነበረ ሰው "ቸኩዬ ነው፣ ወንድሜ" ብሎ በሩን ወሰደ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልመጣም። እህተ ማርያም በሦስተኛው ቀን "ዛሬም ብረቱን እንዲጠይቁት ነው?" አለችው።

የዚያኑ ዕለት እንዳለው ፓራውልቱን በጋሪ አስጭኖ፣ እናቱን አስከትሎ፣ የሚያይለት ሕዝብም ሰብስቦ መጣ። "ያንተ ሥራ ይኸው!" አለ።

ያረጋል ስብርባሪውን አንሥቶ አገላበጠ። የለቀቀው ብየዳው አይደለም። ከጎኑ ያለው ባሌስትራ ነው የተሰበረው፤ ስብራቱ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ እያለ ያበራል፤ በድንገት የበረደ ብረት ምልክት ነው።

"ውሃ ያፈሰሰበት ማነው?"

"ማን ያፈስበታል?" አለ እንዳለው።

"እኔ ነኛ!" አሉ እትዬ አምለሰት ወደፊት እየመጡ። "ውሃ ብሎ ነገር የለም፤ ጠበል ነው! ቢሰበርስ? ያሰርኸውን ፈታው!"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ያረጋል አፉ ላይ ስድብ መጣለት፤ የሚያምር ስድብ። ቢያወጣው ጠበል የሚሰድብ ቀጥቃጭ ይባላል፤ አለቀ። "ብረቱን ጠይቁት" ቢልም ብረቱ ለእነሱ ሲመሰክር ሁለት ቀን ሆኖታል። የቀሩት የነፈጋቸው ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሴት በወለደች በሰዓቷ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱባታል?"

"እግዚኦ! ልትገድላት ነው?"

"ጠበልስ ቢሆን?"

"አራስ ጠበል የምትጠመቀው በቀኗ ነው እንጂ! ይህንንም አታውቅም?"

"ምን ይደረግላታል ታዲያ?"

"ትጠቀለላለች፤ በር ይዘጋባታል፤ ገላዋ እስኪጠና ማንም አይነካት..." አሉና ስብርባሪውን አዩ።

"ከእሳት የወጣ ብረት አራስ ነው፣ እትዬ" አለ ያረጋል። "አመዱ ጋቢው ነበር። ቀስ ብሎ እንዲበርድ። በቀኑ ቢሆን እኔው ራሴ ጀሪካኑን ይዤልዎ አብረን እናፈስበት ነበር።"

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። እንዳለው መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ መሬት መሬቱን አየ።

"ብትነግረን ምን ነበረበት?" አለ።

"ይኸው ጥፋቴ። እሱን ተቀብያለሁ።"

ያረጋል ሥራውን እንደገና ሠራው፤ በዚህ ጊዜ በራሱ ደጃፍ፣ ሁሉም እያየ። ይህ ለምን እንደ ተበሳ፣ ያ ለምን እንደ ገባ፣ ተመልካቹ እስኪሰለቸው አስረዳ። አመዱ ሲሞላና ጆንያው ሲታሰር እትዬ አምለሰት በርጩማ አስመጥተው ጎኑ ተቀመጡ። የሚጠጋውን ሁሉ በከዘራ መለሱ። እንዳለውን ጭምር "ወግድ! አራስ ናት!" ብለው አባረሩት። አመሻሽ ላይ ሄደው በማግሥቱ ማለዳ ተመለሱ።

ያረጋል ጆንያውን ፈታ፤ ብረቱን በመዶሻ መታው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። እንዳለው ድጋፉ ላይ ወጥቶ ዘለለበት፤ ንቅንቅ አላለም። በሩን የወሰደው ሰውም በሩን በጋሪ አስጭኖ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል።

እህተ ማርያም ለእትዬ አምለሰት በብርጭቆ ጠላ አመጣች። እሳቸው ከነጠላቸው ሥር የራሳቸውን ጣሳ አወጡና "እዚህ ገልብጭልኝ፣ ልጄ" አሉ።

ሚስት ባሏን አየች። ያረጋል መዶሻውን አስቀመጠ።

"እትዬ፣ እኔ ከትናንት ጀምሮ ያልገባዎትን ሁሉ አስረድቻለሁ" አለ ረጋ ብሎ። "ይህን ደግሞ እርስዎ ያስረዱኝ። ብርጭቋችን ምን ሆነ?"

እትዬ አምለሰት ጣሳቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸው ጎማውን አየ።

"እንዲያው... ልማድ ነው" አሉና ከጣሳቸው ጠጡ።

ያረጋል ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቡሎኖቹን አንሥቶ ፓራውልቱን ይገጥም ጀመር።