የአርባ ቀን ውሃ

ላሊበላ ላይ አስጎብኚ የሆነ ሰው አፉ አይቦዝንም። እኔም በቤተ ክርስቲያኑ ዝቅተኛ በር ላይ ቆሜ እንግዶቼን «ጎንበስ በሉ፤ በሩ ያጠረው ትሕትና ሊያስተምር ነው» ስል ስንት ዓመት ኖርኩ። ቤቴ የምገባው ግን ቀና ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ አማቴ መጥተው ባለቤቴን ሲያርሷት ከረሙና ወደ አገራቸው ወደ ብልባላ ተመለሱ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ በዚህም መኩራቴን አልደብቅም። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ምሳ አልደረሰም። ሆዴ ባዶ ስለነበር ምላሴ ቀደመኝ።

«እኔ ስጾም አንቺ ተኝተሽ ትውያለሽ!» አልኳት።

ደጃፉ ላይ የቆመውን እርጥብ ጀሪካን ያየሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል። ልጅቷን ደረቷ ላይ አስራ፣ ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ፣ ከታች ካለው ምንጭ ዳገቱን ወጥታ ገና መግባቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከ«ብላ» እና ከ«ጠጣ» በቀር ቃል አልወጣትም። ጭንቅ ያዘኝ። የተጋባነው በቁርባን ነው፤ በልጃችን ክርስትና ዕለት ሦስታችንም ልንቆርብ ነበር። ተኳርፎ ደግሞ አይቆረብም።

ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ስንት ስግደት ልስገድ አባቴ?» አልኩ።

«ስግደት አንተ ትወዳለህ፤ አይከብድህም። ለክርስትናው አርባ ቀን ቀርቷል። እስከዚያ ውሃውን አንተ ቅዳ።»

«አባቴ፣ ሰው ምን ይለኛል? ስግደቱን እጥፍ ያድርጉልኝ።»

«በትከሻህ ነው፤ አህያ እንዳትከራይ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። አህያ ማሰቤን በምን እንዳወቁት እንጃ። በኛ አገር ወንድ ውሃ ካመጣም በአህያ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ምንጩ ዘንድ ወረፋ ያዝኩ። ሴቶቹ አዩኝና ተጠቃቀሱ። አንዷ ጎረቤታችን «ኧረ አራሷ መጣች፣ አሳልፏት!» አለች። ሳቁ ዳገቱን እስክጨርስ ከኋላዬ ነበር። እንዴት እንደተናደድኩ! ቤት እስክደርስ ሦስት ቦታ አረፍኩ። ይህን ሸክም አራስ ሴት ከነልጇ እንዳወጣችው ሳስብ አፈርኩ። ቀን በቀን እየለመድኩት ሄድኩ፤ ሴቶቹም ማሾፉ ሰለቻቸው። ባለቤቴ ግን ውሃውን ስትቀበለኝ «እግዜር ይስጥህ» ብቻ ትላለች። ደክሞ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት እያልኩ በልቤ አጉረመርማለሁ።

የክርስትናው ዋዜማ ንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ። ጸሎት አድርገው ሳይጨርሱ «ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ አባቴ፤ አንድም ቀን አላጓደልኩ» አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«ፈጽሟል ልጄ?»

ልጅቷን እያጠባች አቀረቀረች። እምቢ ካለች ነገ አንቆርብም።

«ውሃውንስ ቀድቷል አባቴ። ተኝተሽ ትውያለሽ ያለኝን ግን እስካሁን አላነሣልኝም።»

እውነቷን ነው። አርባ ቀን ሙሉ ጀሪካኑ ስለ እኔ ይናገርልኛል ብዬ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። በአፉ ተናግሮ እንጀራ የሚበላ ሰው ለሚስቱ አንዲት ቃል ነፍጓል።

እግሯ ስር ተንበረከክሁ። «ተኝተሽ አልዋልሽም። እኔ ነኝ የበደልኩሽ፤ ይቅር በይኝ» አልኩ። እንባዬ አመለጠኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ጀሪካኑን አንሥቼ ስወጣ «ቀኖናው ትናንት አበቃ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ክፉ ቃል ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጠዋት ነው።